የስልክ ቦርድ መቀየር ምንድን ነው?

ከዚራም ሂዱ መጋላ፣ ድሬ ላይ የሞተ ስልክ ይዞ ሞባይል ቤት የገባ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ አንድ ነው። «አቦ፣ ቦርዱ ሄዷል። መቀየር ነው።» ከዚያ ዋጋ ይጠራል፣ ክርክር ይጀመራል፣ ሁለቱም ትንሽ ትንሽ ይለቃሉ። ምኑ እንደሚቀየር የሚጠይቅ ግን እምብዛም የለም። እኔ ከዋጋው በፊት መጠየቅ ያለበት እሱ ነው ባይ ነኝ።

ምክንያቱም «ቦርድ» ሲባል ሁለት የተለያየ ነገር ሊሆን ይችላል። ብዙ ስልኮች ሲከፈቱ ታች በኩል፣ ቻርጀር የሚሰካበት ጋ፣ ትንሽ ቦርድ አለች። ሰብ ቦርድ ትባላለች። የቻርጀሩ ቀዳዳና ማይክራፎኑ አብዛኛውን ጊዜ እሷ ላይ ናቸው። ከላይኛው ቦርድ ጋር በጠፍጣፋ ኬብል ነው የምትገናኘው። እሷን መቀየር ቀላል ነው፤ ብሎን ፈትቶ አሮጌዋን አውጥቶ አዲሷን መግጠም። ፎቶአችሁ አይነካም፣ የያዛችሁት ስልክ ቁጥርም አይጠፋም። እንዲያውም የድሬ አቧራ ከኪስ ብናኝ ጋር ቀዳዳው ውስጥ ስለሚጠቀጠቅ፣ «ቻርጅ አልቀበል አለኝ» የተባለው ስልክ አንዳንዴ ይህቺንም አይፈልግም። ጠፍቶ እያለ በቀጭን የእንጨት ስንጥር ቀስ ብሎ መጥረግ ይበቃዋል።

ማዘርቦርዱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ፕሮሰሰሩ (የስልኩ አእምሮ)፣ ራሙ (የሥራ ማስታወሻው)፣ ፎቶና ቪዲዮ የሚቀመጥበት ቺፕ፣ ኃይል የሚያከፋፍለው አይሲ (እሱም ቺፕ ነው)፣ ኔትወርኩን የሚይዘው ክፍል፣ ሁሉም እሱ ላይ ነው የተበየዱት። ስክሪን፣ ባትሪና ካሜራ ከዳር በሶኬት የሚሰኩ ናቸው። ስለዚህ ማዘርቦርድ ተቀየረ ማለት የቀራችሁ የራሳችሁ ስክሪንና ካሲንግ ነው፤ ውስጡ የሌላ ሰው ስልክ ነው።

የሌላ ሰው ስል የምሬን ነው። ለጥገና የሚሸጥ ማዘርቦርድ አብዛኛው ስክሪኑ ከተሰበረ ወይም ከተጣለ ስልክ የተነቀለ ነው። ጠጋኙ ለመለዋወጫ ብሎ መሳቢያ ውስጥ ካስቀመጠው ስልክም ሊሆን ይችላል። ይሄ ነውር የለበትም፤ ሊጣል የነበረ ዕቃ ሥራ ላይ ዋለ። ግን ከቦርዱ ጋር የሚመጣ ነገር አለ። *#06# ስትጽፉ የሚወጣው ባለ 15 አሃዙ አይኤምኢአይ፣ ማለትም የስልኩ መለያ ቁጥር፣ የቦርዱ ነው። ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር ከእንግዲህ አይገናኝም። ቦርዱ ከተሰረቀ ስልክ የመጣ ከሆነ የዚያን ስልክ ቁጥር ይዛችሁ የምትዞሩት እናንተ ናችሁ። የቀድሞው ባለቤት አይክላውዱን ወይም የጉግል አካውንቱን ካላወጣ ደግሞ ስልኩ አንድ ቀን የእሱን ፓስዎርድ ሊጠይቃችሁ ይችላል። አይፎን ላይ የጣት አሻራው ከ2013ቱ 5ኤስ ጀምሮ፣ የፊት መለያው ደግሞ ከ2017ቱ አይፎን ኤክስ ጀምሮ ከራሱ ቦርድ ጋር የተጣመረ ነው። ቦርዱ አብሮት የተጣመረውን የጣት አሻራ ወይም የፊት መለያ ክፍል ሳይዝ ከመጣ ይሄ አገልግሎት አይሠራም።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን ፎቶው ነው። ብዙ ሰው «ሚሞሪውን ነቅላችሁ አዲሱ ላይ አድርጉልኝ» ይላል። የዛሬ ስልኮች ላይ ይሄ አይሆንም። መረጃው ተመስጥሮ ነው የሚቀመጠው፣ የሚስጥሩ ቁልፍም ከዚያው ቦርድ ፕሮሰሰር ጋር የተያያዘ ነው። ቺፑን ብቻ ሌላ ቦርድ ላይ ብትበይዱት የማይነበብ ነገር ነው የምታገኙት። የልጅ ፎቶ፣ የሞተ ዘመድ ድምፅ፣ የሠርግ ቪዲዮ ካለና ሌላ ቦታ ካልተቀመጠ፣ ዋናው መንገድ አንድ ነው፤ አሮጌውን ቦርድ ቢያንስ መረጃው እስኪወጣ ድረስ ማስነሳት።

ይሄ ደግሞ ሰዎች ከሚያስቡት በላይ ይቻላል። «ሞቷል» የተባለ ቦርድ ብዙ ጊዜ ሾርት ያደረገው (ኃይሉ ያለቦታው እንዲያልፍ ያደረገው) ከጤፍ ፍሬ የማትበልጥ አንዲት ካፓሲተር፣ ኃይል የምታጠራቅም ትንሽ ክፍል፣ ናት። ጥሩ ጠጋኝ በመልቲሜትር መስመሩን ይለካል፣ ትንሽ ኃይል ይለቅና የትኛዋ ክፍል እንደምትግል ሙቀት በሚያሳይ ተርማል ካሜራ ወይም በአልኮል (ቀድሞ የሚደርቅበት ቦታ የጋለው ነው) ያያል፣ እሷን ያነሳል። አይሲ መቀየር ይከብዳል። ፋብሪካ የሚጠቀምበት እርሳስ የሌለው ሶልደር (መበየጃ ብረት) የሚቀልጠው 217 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ስለሆነ ቺፑን ለማንሳት የሚነፋው ትኩስ አየር ከዚያ በጣም መጋል አለበት፣ እጅ ካልበረታ ደግሞ ጎረቤት ያለው ቺፕ አብሮ ይሄዳል። ለዚህ ነው ብዙ ሱቅ ቦርድ መቀየሩን የሚመርጠው፤ ፈጣን ነው፣ ውጤቱም ይታወቃል። አልፈርድባቸውም። ብቻ ለባለቤቱ ይነገረው።

ውሃ የገባበትን ስልክ በተመለከተ ሩዝ ውስጥ መቅበሩን ተዉት። ሩዙ ውሃው ጥሎት የሚሄደውን ጨውና ቆሻሻ አያወጣም፣ ቦርዱን የሚበላውም እሱ ነው። አጥፉት፣ ቻርጀር አትሰኩበት፣ ቶሎ ተከፍቶ በአይሶፕሮፒል አልኮል ይታጠብ። ደግሞም በሙቀት የጠፋ ስልክ ሁሉ ቦርዱ አልሞተም። አፕል ለአይፎን የሚመክረው የአካባቢ ሙቀት ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ነው፤ የድሬ ሰኔ ይሄን ያልፋል። ጥላ ውስጥ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ይሞከር።

መቀየሩ ግድ ከሆነ የሚገባው ቦርድ ሙሉ የሞዴል ቁጥሩ አንድ ይሁን። በስም አንድ የሆነ ስልክ ለተለያየ አገር ሲሠራ ቦርዱ ይለያያል፣ ከአሜሪካ የመጣው ደግሞ ለአንድ ኩባንያ ሲም ብቻ የተቆለፈ ሊሆን ይችላል። ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ሲም አስገብታችሁ ደውሉ፣ ዋይፋዩንና ካሜራውን ሞክሩ። አሮጌውን ቦርድም ተቀበሉ። የእናንተ ነው፣ ዛሬ እዚህ ያልተነሳው ነገ ሌላ ጠጋኝ እጅ ላይ ሊነሳ ይችላል።