ራስ መንገሻ ሥዩምና የሐዋሳ ነገር

ሐዋሳን ማን ቆረቆራት ብለህ ብትጠይቅ የሚነገርህ ስም አንድ ነው፤ ራስ መንገሻ ሥዩም። ስሙ ላይ ሁሉም ይስማማል። ጭቅጭቁ ስለ ሥራቸው ነው።

ራስ መንገሻ የትግራይ ሰው ናቸው። የዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የልጅ ልጅ ልጅ፣ የራስ ሥዩም መንገሻ ልጅ። ያገቡት የዐፄ ኃይለ ሥላሴን የልጅ ልጅ ልዕልት አይዳ ደስታን ነው። በ1940ዎቹ መጨረሻ ሲዳሞን ሲገዙ የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫ ይርጋዓለም ነበረች። እሷን የመሠረቱት ደግሞ የልዕልቲቱ አባት ራስ ደስታ ዳምጠው ናቸው። አማች፣ አማት የተከሉትን ከተማ ትተው ወደ ሐይቁ ዳር ሄዱ ማለት ነው። ሐዋሳ በ1952 ዓ.ም. ተቆረቆረች።

ነገሩ የሚወሳሰበው እዚህ ላይ ነው። ቦታው ባዶ ሜዳ አልነበረም። ሲዳማዎች አዳሬ የሚሉት፣ ከብት የሚያሰማሩበት ምድር ነው። ከመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች መካከል ጡረተኛ ወታደሮች ነበሩ፤ መሬት ተሰጣቸው። በኋላም ሰፋፊ እርሻ ተከተለ። ባለከብቱ ወደ ዳር ተገፋ። አንዱ «ከተማ ሰጡን» ሲል ሌላው «የማንን መሬት ለማን?» ይላል። ሰፊና ቀጥ ያሉትን ጎዳናዎች እኔም እወዳቸዋለሁ። ባለከብቱን ቀድሞ ያማከረ ሰው ነበር ሲባል ግን ሰምቼ አላውቅም።

በታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ አባታቸው ተገደሉ። እሳቸውም ትግራይን ሊገዙ ሄዱ። እዚያ መንገድ ሲሠራ ራሳቸው ቡልዶዘር ላይ ይወጡ ነበር፤ ለመስፍን ልጅ ብርቅ ነው። ደርግ ሲመጣ ሸፈቱ፤ ደርግን በትጥቅ ከታገለው ከኢዲዩ (የኢትዮጵያ ዲሞክራሲያዊ ኅብረት) መሥራቾችም አንዱ ሆኑ። ለደጋፊያቸው ደርግን የታገሉ ጀግና ናቸው፤ ለነቃፊያቸው አሮጌውን ሥርዓት ሊመልሱ የተነሱ መስፍን። ኢዲዩ ከደርግም ከሕወሓትም ጋር ተዋግቶ ተሸነፈ። እሳቸው ስደት ሲወጡ ልዕልት አይዳ 14 ዓመት ያህል ታሰሩ። ይህ ከፖለቲካው ወሬ ኋላ ተደብቆ የሚቀር ዕዳ ነው።

ሐዋሳ ከዚያ ወዲህ የደቡብ ክልል መቀመጫ ሆነች። ከኅዳር 2012ቱ ሕዝበ ውሳኔ በኋላ ደግሞ የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ። አጻጻፏም «አዋሳ» ከሚለው ወደ «ሐዋሳ» ዞሯል፤ በሲዳምኛ ሰፊ ማለት ነው። ቆየት ያሉ ነዋሪዎች ግን ዛሬም አዋሳ ነው የሚሏት።