ስለ ተዘነጉ የኦልተርኔቲቭ ሮክ አልበሞች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በሐዋሳ ሮክ የሚያዳምጥ ሰው ጥቂት ነው፤ የሚያዳምጠውም ቢሆን ከኒርቫና እና ከሬዲዮሄድ ብዙም አያልፍም። እኛ ጥቂት ጓደኛሞች ግን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከታቦር ተራራ ግርጌ ባለች የኪራይ ቤት ተሰብስበን አንድ አልበም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳናቋርጥ እንሰማለን፤ ቡናው ሲቀርብ ክርክሩ ይጀመራል። ቀጥሎ የማነሣቸው አመለካከቶች በዚያ ክርክር ደጋግመው የሚመጡ፣ አንዳንዶቹም እኔው ራሴ ስሟገትላቸው የነበሩ ናቸው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ጥሩ ቢሆን ኖሮ በጊዜው ይሸጥ ነበር።»

አንድ አልበም እንዲሸጥ አስቀድሞ ሱቅ መድረስ አለበት። የአሜሪካዋ የሜምፊስ ከተማ ባንድ ቢግ ስታር በ1972 ያወጣው «ናምበር ዋን ሪከርድ» በተቺዎች ዘንድ ተወድሶ ሳለ፣ የማከፋፈሉን ሥራ የያዘው ስታክስ የተባለ ኩባንያ በአግባቡ ሊያደርሰው ባለመቻሉ ሸክላው ገዢ ሳያገኝ ቀረ። ኦልተርኔቲቭ የሚለው ስም (ከዋናው ገበያ ውጭ ላደገ ሮክ የተሰጠ ነው) ገና ሳይወጣ የተሠራ ቢሆንም፣ እንደ አር.ኢ.ኤም. ያሉ ባንዶች የቢግ ስታር ባለዕዳ መሆናቸውን አልደበቁም። ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ኃይሉ መርጊያ በ1985 በአኮርዲዮንና በኪቦርድ የሠራው ካሴት በ2013 እንደገና ታትሞ የውጭ መድረኮችን ሲከፍትለት፣ እርሱ በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ይነዳ ነበር። በእነዚያ 28 ዓመታት ከካሴቱ ላይ አንዲት ኖታ እንኳ አልተለወጠችም።

«ኦልተርኔቲቭ ሮክ የተጀመረው በ1991 በሲያትል ነው።»

በ1991 የሆነው ነገር እንደ ኒርቫና ላሉ ባንዶች ገበያው በሩን መክፈቱ ነው። ሙዚቃው በ1980ዎቹ በትናንሽ አሳታሚዎችና በአሜሪካ የኮሌጅ ሬዲዮ ጣቢያዎች ሲያድግ ቆይቷል። ከማንችስተር አቅራቢያ ከሚድልተን የመጡት ዘ ካሜሊየንስ «ስክሪፕት ኦቭ ዘ ብሪጅ»ን ያወጡት በ1983 ነው፤ የሁለቱን ጊታሮች ምልልስ የሰማ ሰው ይህ አልበም ለምን ከታላላቆቹ ተርታ እንዳልተሰለፈ መጠየቁ አይቀርም።

«ተቺዎች ከጣሉት አለቀለት።»

የእንግሊዙ ባንድ ስሎውዳይቭ በ1993 «ሱቭላኪ»ን ሲያወጡ የእንግሊዝ የሙዚቃ ጋዜጦች ፊታቸውን ብሪትፖፕ ወደተባለው የእንግሊዝ ባንዶች ስልት አዙረው ስለነበር አልበሙን አጣጣሉት፤ አሳታሚው ክሪኤሽንም ሁለት ዓመት ቆይቶ ባንዱን አሰናበተ። በ2014 ተመልሰው ሲሰባሰቡ ግን የጠበቃቸው አድማጭ ከቀድሞው የበዛ ነበር።

«ይህ ሙዚቃ ጩኸት ብቻ ነው።»

በዚህኛው ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ከሁሉ ይበልጥ የምወደውን አልበም የሚነካ ነው። የእንግሊዙ ባንድ ቶክ ቶክ በቀደሙት ዘፈኖቻቸው ዝናና ገንዘብ ካገኙ በኋላ፣ ብዙ ሙዚቀኞችን በጨለመ የለንደን ስቱዲዮ ውስጥ እንደልባቸው እያስጫወቱ፣ ከቀረጹትም ጥቂቱን ብቻ እየመረጡ በ1988 «ስፒሪት ኦቭ ኢደን»ን አወጡ። አሳታሚያቸው ኢኤምአይ አልበሙ ለገበያ አይሆንም በማለት እስከ መክሰስ ደረሰ። እኛ ቤት ስንከፍተው መጀመሪያ ላይ ምንም የማይሰማ ስለመሰለን አንዱ ጓደኛችን ስፒከሩ ተቋርጦ ይሆናል ብሎ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈተው። ድምፃዊው ማርክ ሆሊስ መዝፈን የሚጀምረው ደቂቃዎች ካለፉ በኋላ ነው። ሦስተኛው ሥራ «ዲዛየር» በቀስታ ሲጓዝ ቆይቶ ከበሮውና ጊታሩ በአንድ ጊዜ ሲፈነዱ ጎረቤት መጥታ በሩን ደበደበች፤ እውነት ለመናገር፣ ያች ሴት ፍንዳታው ከእኛ ሁሉ በተሻለ ገብቷት ነበር፤ ጩኸቱ የሚያስደነግጠው ዝምታው ስላዘጋጀው ነውና።

ከሉዊቪል ከተማ የመጡት ስሊንትም ይህንኑ ያውቁ ነበር። በአራት ቀን ቀርጸው በ1991 ያወጡት «ስፓይደርላንድ» ስድስት ሥራዎች ብቻ ያሉት ሲሆን፣ ድምፃዊው ብዙውን ጊዜ ከመዝፈን ይልቅ ታሪክ እንደሚያወራ ሰው ዝቅ ብሎ ይናገራል። አልበሙ ለሕዝብ ሲደርስ ባንዱ ፈርሶ ነበር። ሽፋኑ ላይ አራት ወጣቶች እስከ አንገታቸው ውኃ ውስጥ ገብተው ይስቃሉ፤ ባለፈው ሳምንት ያን ጥቁርና ነጭ ፎቶ በስልኬ ሳሳየው፣ ሮክ አልወድም የሚለው የጓደኛዬ ታናሽ ወንድም «እነዚህ ልጆች አሞራ ገደል ነው የሚዋኙት?» ብሎ የሐዋሳን ሐይቅ ዳርቻ ጠቅሶ ጠየቀኝና ጆሮ ማዳመጫውን ተቀበለኝ።