የስቱዲዮ ሙዚቀኛ ማለት ምን ማለት ነው?

«ማይ ገርል» የተባለውን የአሜሪካውያኑን የድምፃውያን ቡድን የቴምፕቴሽንስን ዘፈን የሚወድ ሰው እስቲ አንጎራጉረው ቢባል በግጥሙ አይጀምርም። መጀመሪያ የቤዝ ጊታሩን ዱም፣ ዱዱም በአፉ ይመታል፤ ቀጥሎ ከታች ወደ ላይ የምትወጣውን አጭር የጊታር ዜማ ያስከትላል፤ ግጥሙ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ያቺ የጊታር ዜማ ስድስት ድምፅ ብቻ ናት። ለእኛ ጆሮ ባዕድ የማትሆነውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሙዚቀኞቻችን ትዝታ ሜጀር የሚሉት ቅኝት አምስት ድምፆች በተርታ ሲወጡ እሷን ይሰጣሉ፤ ስድስተኛው የመጀመሪያው ድምፅ ከፍ ብሎ ሲደገም ነው።

የዘፈኑ ደራሲዎች ተብለው የተመዘገቡት ስሞኪ ሮቢንሰንና ሮናልድ ኋይት ናቸው። ያቺን የጊታር ዜማ ያፈለቃት ግን ሮበርት ኋይት የሚባል ሌላ ሰው ነው። የስማቸው መቀራረብ አጋጣሚ ነው፤ የዕጣቸው ልዩነት ግን አይደለም። ሮናልድ ዘፈኑ በሬዲዮ በተሰማ ቁጥር ድርሻ የሚታሰብለት ደራሲ ነበር። ሮበርት የቀረጻውን ዋጋ ተቀብሎ ጊታሩን በሣጥኑ ከትቶ ወደ ቤቱ ሄደ። የስቱዲዮ ሙዚቀኛ ማለት ይህ ሁለተኛው ሰው ነው፦ በሌላ ሰው ስም ለሚወጣ ሥራ ስቱዲዮ ገብቶ የሚጫወት፣ ሒሳቡም በዚያው የሚዘጋ ባለሙያ።

ከመድረክ አጃቢ ጋር አንድ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው። የመድረክ አጃቢ ያለቀ ዘፈን አጥንቶ ይጫወታል። የስቱዲዮው ሙዚቀኛ ፊት ለፊት የሚቀመጠው ወረቀት ግን ብዙ ጊዜ የኮርዶች (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ተራ ብቻ የሰፈረበት ነው። መግቢያው ምን ይሁን፣ ቤዙ የት ይረፍ፣ ድራሙ የት ይግባ የሚለውን እዚያው፣ ሰዓቱ እየሮጠ መፍጠር አለበት።

የሮበርት ኋይት ጓዶች ፈንክ ብራዘርስ ይባላሉ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቤሪ ጎርዲ በ1959 ከቤተሰቡ 800 ዶላር ተበድሮ በአሜሪካዋ ዲትሮይት ከተማ በኋላ ሞታውን የተባለውን የሸክላ አሳታሚ ኩባንያ ሲመሠርት፣ ሙዚቀኞቹን የለቀማቸው ከከተማዋ የጃዝና የብሉዝ ምሽት ክበቦች ነው። ስቱዲዮው ከአንድ ተራ መኖሪያ ቤት ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ነበረች። ከጣሪያው ከሚንጠለጠለው የሽቦ ብዛት የተነሣ «የእባብ ጉድጓድ» ይሏታል። ቀን እዚያች ጉድጓድ ውስጥ ሶል የተባለውን የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ ይቀርጻሉ፤ ማታ ወደ ክበባቸው ተመልሰው ጃዝ ይጫወታሉ። በኪቦርዱ ኧርል ቫን ዳይክ፣ በድራሙ ቤኒ ቤንጃሚን፣ በታምቡሪኑ ጃክ አሽፎርድ ነበሩ።

በቤዝ ጊታሩ ደግሞ ጄምስ ጄመርሰን። ስለ እሱ ትንሽ ልቆይ። ጄመርሰን የጀመረው በትልቁ፣ ቆመው በሚጫወቱት ኮንትራባስ ነው፤ ወደ ኤሌክትሪክ ቤዝ ሲዞርም የቀኝ እጁን ልማድ አልቀየረም። ሌሎች በሁለት ጣት ሲጫወቱ እሱ በሌባ ጣቱ ብቻ ይመታ ነበር፤ ያቺን ጣት ባልደረቦቹ «መንጠቆ» ብለዋታል። ክሮቹን ካልተበጠሱ በቀር አይለውጥም፤ ስለዚህ ድምፃቸው የደነዘና የወፈረ ነው። በዚያ ወፍራም ድምፅ ግን እንደ ሁለተኛ ድምፃዊ ያዜምበታል። ማርቪን ጌይ የዘፈነውን «ዋትስ ጎይንግ ኦን» የድምፃዊውን ድምፅ ትታችሁ ቤዙን ብቻ ተከትላችሁ አድምጡት። ሲተረክ እንደሚባለው ዘፈኑ በተቀረጸበት ቀን ጄመርሰን ከምሽት ክበብ ተፈልጎ የመጣ፣ ቀና ብሎ መቀመጥ ያቃተው ሰካራም ነበር፤ ወለሉ ላይ በጀርባው ተንጋሎ ነው የተጫወተው።

ዘፈኑን የያዘው፣ ያንኑ ስም የተሸከመው አልበም በ1971 ሲወጣ የሙዚቀኞቹን ስም በሽፋኑ ላይ ያሰፈረ የመጀመሪያው የሞታውን አልበም ሆነ። ከዚያ በፊት ለዓመታት ስማቸው የትም የለም። «ሮሃ ባንድ» የሚለውን ከካሴት ሽፋን ላይ እያነበበ ላደገ ሰው የአጃቢን ባንድ ስም መጻፍ ቀላል ነገር ይመስላል፤ በሞታውን ግን እንዲያ አልነበረም። ቫን ዳይክ በራሱ ስም ሸክላ ሲያወጣ እንኳ ጎርዲ «ፈንክ» የሚለውን ቃል ስላልወደደው ባንዱ «ሶል ብራዘርስ» ተብሎ ነው የታተመው።

መደበቁ ለኩባንያው ጥቅም ነበረው፤ ስማቸው ያልታወቀ ሙዚቀኞችን ተፎካካሪ አይነጥቅም። ቢሆንም ሰዎቹ ተደብቀው ይወጡ ነበር። የጃኪ ዊልሰን «ሃየር ኤንድ ሃየር» በ1967 ቺካጎ ሲቀረጽ፣ በጓሮ በር ሄደው የተጫወቱት የሞታውን ልጆች ናቸው። ለፍትሕ ያህል የሞታውን ደመወዝ ከምሽት ክበብ ገቢ የተሻለና የማይቋረጥ እንደነበር መናገር ያስፈልጋል። እኔን የሚቆረቁረኝ ደመወዙ ሳይሆን ሕጉ ነው። ሕግ ደራሲ የሚለው ዜማውንና ግጥሙን ያመጣውን ነው፤ ሰው ሁሉ የሚያንጎራጉራትን መግቢያ የፈጠረው ሰው እንደ ተጫዋች ብቻ ይቆጠራል። የአሜሪካ ሬዲዮ ጣቢያዎች ደግሞ ሸክላ ሲያጫውቱ የሚከፍሉት ለደራሲው እንጂ ለተጫዋቹ አይደለም። በሜምፊስም ሆነ በአላባማዋ ማስል ሾልስ ከሌሎች የሶል ሸክላዎች ጀርባ የተቀመጡት ባንዶች የሠሩት በዚሁ ሕግ ሥር ነው።

ሞታውን በ1972 ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ሎስ አንጀለስ ሲሄድ ሙዚቀኞቹ ነገሩን ያወቁት ዛሬ ቀረጻ የለም የሚል ማስታወቂያ በር ላይ ተለጥፎ አግኝተው ነው። በ1983 የኩባንያው 25ኛ ዓመት በቴሌቪዥን ሲከበር ጄመርሰን አልተጋበዘም፤ ከአትራፊ ትኬት ገዝቶ ከኋላ ተቀመጠ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ሞተ። ፈንክ ብራዘርስን ዓለም ያወቃቸው በ2002 በወጣ ዘጋቢ ፊልም ነው፤ ሮበርት ኋይት ግን በ1994 ዐርፎ ነበር።

በዚያ ፊልም የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። ኋይት ከወዳጁ ጋር ምግብ ቤት ተቀምጦ ሳለ «ማይ ገርል» ተከፈተ፤ አስተናጋጁ ሊታዘዝ ቀርቦ ቆሟል። ኋይት ፊቱ በርቶ ሊነግረው አፉን ከፈተ። ከዚያ ተወውና ምግቡን አዘዘ።