ኩዌሪ፦ በአክሰስ መዝገብ መጠየቅና መደርደር

ኩዌሪ ማለት በዳታቤዝ ውስጥ ለተቀመጠ መረጃ የሚቀርብ ጥያቄ ነው። «መጠይቅ» ብለው የተረጎሙት አሉ፤ ነገር ግን መጠይቅ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው አጥኚዎች የሚያስሞሉትን ወረቀት ስለሆነ፣ በማሠልጠኛም በቢሮም የሚሰማው «ኩዌሪ» ነው። ጥያቄው «ከቀበሌ 05 አባላት ያልከፈሉት እነማን ናቸው?» ዓይነት ነው። መልሱ የተመረጡ ዓምዶችና ረድፎች ያሉት፣ በተፈለገው ቅደም ተከተል የተደረደረ ሰንጠረዥ ሆኖ ይመጣል። የዴስክቶፕ ዳታቤዝ ፕሮግራሞች ብዙ ቢሆኑም እዚህ የሚታየው ማይክሮሶፍት አክሰስ ነው፤ በኢትዮጵያ ብዙ የኮምፒውተር ማሠልጠኛዎች ከወርድና ከኤክሴል ጋር ሲያስተምሩ የኖሩት እሱን ነውና።

ለምሳሌ የአንድ እድር መዝገብ እንውሰድ። ሁለት ቴብል (የመረጃ ሰንጠረዥ) አለው። «አባላት» የሚባለው የአባል ቁጥር፣ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ ቀበሌ፣ የቤት ቁጥርና ስልክ ይይዛል። «ክፍያ» የሚባለው ደግሞ የአባል ቁጥር፣ የተከፈለበትን ቀንና የብሩን መጠን። የእድሩ ጸሐፊ በየወሩ የሚጠይቁት ነገር ይታወቃል፤ ማን ከፈለ፣ ማን ወደ ኋላ ቀረ፣ ዝርዝሩስ ለስብሰባ ሲነበብ በማን ይጀምራል።

ኩዌሪ የራሱ መረጃ የለውም። ሲቀመጥ የሚቀመጠው ጥያቄው ብቻ ነው፤ በተከፈተ ቁጥር ቴብሎቹን እንደ አዲስ ይጠይቃል። ባለፈው ወር የተሠራ ኩዌሪ የዛሬን ክፍያ የሚያሳየው ለዚህ ነው። ነገሩ ግን በሌላ በኩልም ይሠራል። ከአንድ ቴብል በወጣ ቀላል ኩዌሪ ላይ ስልክ ቢታረም የሚታረመው ዋናው መዝገብ ነው። «ለጊዜው ያወጣሁት ዝርዝር ነው» ብሎ ረድፍ የሚሰርዝ ሰውም አባሉን ከእድሩ ያወጣዋል።

የሐሳቡ አመጣጥ

ሥሩ ያለው አይቢኤም ውስጥ ነው። ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ መረጃ በሰንጠረዥ ተቀምጦ፣ ጠያቂው የሚፈልገውን ብቻ እንዲናገርና መንገዱን ለማሽኑ እንዲተው ሐሳብ አቀረበ። በ1974 ዶናልድ ቻምበርሊንና ሬይመንድ ቦይስ ዛሬ ኤስኪውኤል የምንለውን ቋንቋ የመጀመሪያ መልክ አወጡ። በዚያው አስር ዓመት አጋማሽ ላይ ሞሼ ዝሉፍ ሌላ መንገድ ያዘ፤ ጠያቂው ዐረፍተ ነገር ከሚጽፍ ባዶ ሰንጠረዥ ተሰጥቶት የሚፈልገውን ዓይነት በምሳሌ ይሙላበት አለ። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው አክሰስ ሁለቱንም ወረሰ። ከላይ የሚታየው የዝሉፍ ሰንጠረዥ ነው፤ ከሥር የሚሠራው ኤስኪውኤል ነው።

ግሪዱ

«ክሪኤት» ከሚለው ትር «ኩዌሪ ዲዛይን» ሲመረጥ ቴብሎቹ ይቀርባሉ፤ የሚያስፈልጉት ይጨመራሉ። «ኩዌሪ ዊዛርድ» የሚባል አቋራጭም አለ፤ ነገር ግን ቀላሉ ዊዛርድ ስለ ማጣሪያም ሆነ ስለ አደራደር አይጠይቅም፤ ስለዚህ ተመልሶ ዲዛይን መክፈት አይቀርም። ከላይ ቴብሎቹ፣ ከታች ግሪዱ፣ ማለትም የሚሞላው ባዶ ሰንጠረዥ፣ ይታያል። እያንዳንዱ ዓምድ አንድ ፊልድ ነው። ረድፎቹ «ፊልድ»፣ «ቴብል»፣ «ሶርት»፣ «ሾው»፣ «ክራይቴሪያ» እና «ኦር» ይባላሉ። ፊልዱ ላይ ሁለቴ ሲጫኑ ወደ ግሪዱ ይወርዳል፤ «ራን» ሲባል መልሱ ይወጣል።

ክራይቴሪያ፣ ማለትም መስፈርት፣ የሚጻፍበት ሥርዓት አጭር ነው። ጽሑፍ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ፣ ቀን በሁለት # ምልክቶች መካከል፣ ቁጥር እንዳለ ይጻፋል። ከ100 ብር በላይ ለማለት >100 ይበቃል። «ላይክ» (Like) ከሚለው ቃል ጋር * ማንኛውንም ተከታይ ፊደል፣ ? ደግሞ አንድ ፊደል ብቻ ይተካል። በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ [ቀበሌ ያስገቡ] ተብሎ ቢጻፍና በዚህ ስም ፊልድ ከሌለ፣ ኩዌሪው በተከፈተ ቁጥር ያንኑ ይጠይቃል፤ ለየቀበሌው የተለየ ኩዌሪ መሥራት ይቀራል ማለት ነው።

ጀማሪ የሚሰናከልበት ቦታ ግን ሌላ ነው። በአንድ ረድፍ የተጻፉ መስፈርቶች ሁሉም እንዲሟሉ ይፈለጋል፤ በተለያየ ረድፍ የተጻፉት አንዱ ከተሟላ ይበቃል። ጸሐፊው ከቀበሌ 05 ወይም 06 ሆነው ከ100 ብር በላይ የከፈሉትን ፈለጉ እንበል። በመጀመሪያው ረድፍ "05" እና >100፣ በሁለተኛው "06" ብቻ ቢጽፉ፣ ከቀበሌ 06 የሚመጡት የከፈሉት መጠን ሳይታይ በሙሉ ይገባሉ። >100 በሁለተኛው ረድፍም መደገም አለበት። ፕሮግራሙ ስህተት ብሎ አይናገርም፤ የተጠየቀውን በትክክል መልሷልና።

ከዚህ የባሰው ሁለት ቴብል ሲገናኝ የሚመጣው ነው። «አባላት» እና «ክፍያ» በአባል ቁጥር ሲያያዙ በመካከላቸው መስመር ይሰመራል። ይህ መስመር በራሱ ሲተው፣ በሁለቱም ቴብል ያለውን አባል ብቻ ያወጣል። አንድም ቀን ከፍሎ የማያውቅ አባል በ«ክፍያ» ውስጥ ረድፍ ስለሌለው ከዝርዝሩ ይጠፋል። ውዝፍ ፍለጋ በተሠራ ኩዌሪ ላይ ዋናው ባለ ውዝፍ የለም! መፍትሔው መስመሩን ሁለቴ ተጭኖ ከሦስቱ ምርጫዎች መካከል አባላትን በሙሉ የሚያካትተውን መምረጥ ነው። ከዚያ በክፍያው ዓምድ ሥር «ኢዝ ነል» (Is Null፣ ባዶ ነው) ሲጻፍ ምንም ያልከፈሉት ለብቻቸው ይወጣሉ። መስመሩ ጭራሽ ከሌለ ደግሞ እያንዳንዱ አባል ከእያንዳንዱ ክፍያ ጋር ይጣመራል፤ 200 አባላትና 2,400 ክፍያ ያለው እድር 480,000 ረድፍ ይመጣበታል።

መደርደር

ቴብል በራሱ ቅደም ተከተል አለው ብሎ መተማመን አይገባም። ሲከፈት በአባል ቁጥር ተደርድሮ ቢታይም ዋስትና ያለው አደራደር በኩዌሪ ውስጥ የተጻፈው ነው። በ«ሶርት» ረድፍ «አሴንዲንግ» ከትንሽ ወደ ትልቅ፣ ከሀ እስከ ፐ ማለት ነው፤ «ዲሴንዲንግ» ተቃራኒው። ባዶ የሆነ ፊልድ በአሴንዲንግ ከሁሉ በፊት ይመጣል፤ ስልክ የሌላቸው አባላት የስልክ ዝርዝሩን የሚመሩት ለዚህ ነው። ኤክሴል ላይ አንድ ዓምድ ብቻ ደርድሮ የአንዱን ሰው ክፍያ ከሌላው ስም ጋር ያገናኘ ሰው እዚህ ያርፋል፤ በአክሰስ ረድፍ እንደ ተሳሰረ ይንቀሳቀሳል።

ከአንድ በላይ ዓምድ ሲደረደር ቅድሚያ የሚሰጠው ከግራ ወደ ቀኝ ነው። ስም በግራ፣ ቀበሌ በቀኝ ተቀምጠው ሁለቱም አሴንዲንግ ቢባሉ፣ መሪው ስም ነው፤ ቀበሌ የሚታየው ስማቸው አንድ የሆኑትን ለመለየት ብቻ ነው። በቀበሌ ተከፋፍሎ፣ በየቀበሌው በስም ተደርድሮ እንዲወጣ ከተፈለገ ቀበሌ ወደ ግራ መምጣት አለበት። ግን በወረቀቱ ላይ ስም በፊት ይታይ ቢባልስ? ቀበሌ ሁለት ጊዜ ይገባል። በግራ ያለው «ሶርት» ይሰጠውና «ሾው» ላይ ያለው ምልክት ይነሣል፤ በቀኝ ያለው ሳይደረደር ይታያል። ይህች ትንሽ ዘዴ ከጠቅላላው ግሪድ ይልቅ ብዙ ሰዓት ታድናለች።

ስም ላይ ሲደርስ ልማድና ፕሮግራም ይጋጫሉ። ከአክሰስ ጋር የሚመጣው «ኖርዝዊንድ» የተባለው የማሳያ ዳታቤዝ ስምን «ፈርስት ኔም» እና «ላስት ኔም» ብሎ ይከፍላል፤ በዚያ ባህል መዝገብ የሚደረደረው በቤተሰብ ስም ነው። የእኛ መዝገብ ግን በራስ ስም ይጀምርና አባትን፣ ከዚያ አያትን ያስከትላል። ስለዚህ ሦስቱ ስሞች በየፊልዳቸው ሆነው ከግራ ወደ ቀኝ በዚያው ቅደም ተከተል መቀመጥ አለባቸው። በአሜሪካ ያለ እድር ዝርዝሩን «ላስት ኔም» ከሚጠይቅ ቅጽ ከወሰደ፣ አባላቱ በአባት ወይም በአያት ስም ተደርድረው ማንም በማይፈልጋቸው ቦታ ይገኛሉ።

አቶ፣ ወ/ሮ፣ መ/ር የሚባሉት ማዕረጎች ከስም ጋር በአንድ ፊልድ ከተጻፉ አቶዎቹ ሁሉ በአንድ ጎራ ይሰለፋሉ። ገ/ሥላሴ እና ገብረሥላሴ አንድ ሰው ቢሆኑም ተራርቀው ይቀመጣሉ፤ ከስም በፊት በስህተት የገባች ባዶ ቦታም ሰውየውን የዝርዝሩ አናት ላይ ታወጣዋለች። የመጨረሻውን «ትሪም» (Trim) የሚባለው ፈንክሽን፣ ማለትም ዝግጁ ቀመር፣ ያነሣል፤ የቀሩትን የሚያስተካክል ከሚያስገባው ሰው ጥንቃቄ በቀር የለም።

ፊደላችን የራሱ ጣጣ አለው። ዩኒኮድ ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር የሚሰጥ ዓለም አቀፍ ሥርዓት ነው። ከእሱ በፊት የነበሩ የአማርኛ ፕሮግራሞች የግዕዙን ቅርጽ በላቲን ፊደል ቁጥር ላይ ያሳርፉ ስለነበር፣ ኮምፒውተሩ የሚደረድረው የማይታየውን ላቲን ነበር። ግዕዝ በዩኒኮድ 3.0 እ.ኤ.አ. በ1999 ገባ፤ አክሰስም ከ2000 እትሙ ጀምሮ ጽሑፍን በዩኒኮድ ያስቀምጣል። ያም ሆኖ ሀ በቁጥር 4608፣ ሐ በ4624፣ ኀ ደግሞ በ4736 ስለሚገኙ ሃይሉ፣ ሓይሉ እና ኃይሉ ለፕሮግራሙ ሦስት ስም ናቸው። ሲፈለጉ በ«ላይክ» ሥር "[ሀሃሐሓኀኃ]ይሉ" ተብሎ ስድስቱም ፊደላት ሊጠሩ ይችላሉ። ሲደረደሩ ግን አንድ የሚያደርጋቸው መጀመሪያውኑ በአንድ ሆሄ መጻፍ ነው። በፋይሉ ውስጥ የፊደል ቅደም ተከተል የሚወስን ቅንብርም አለ፤ ከ2010 እትም ጀምሮ አዲሱ «ጄኔራል»፣ አሮጌው «ጄኔራል ሌጋሲ» ተብለው ተለይተዋል። ሺህ ስም ከማስገባት በፊት በአሥር ስም መፈተን ብልህነት ነው።

የቤት ቁጥርም ቁጥር አይደለም። 12/ሀ አለ፤ በአዲስ አበባ ደግሞ የቤት ቁጥሩ «አዲስ» የሆነ ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ ፊልዱ የጽሑፍ ዓይነት መሆን ግድ ነው። ጽሑፍ ሆኖ ሲደረደር ግን 1፣ 10፣ 100፣ 2 ይላል። በባዶ ዓምድ ላይ «ቫል» (Val) በሚባለው ፈንክሽን የቤት ቁጥሩን ወደ ቁጥር ለውጦ በዚያ መደርደር ይቻላል፤ 12/ሀ እንደ 12 ይቆጠራል፣ «አዲስ» ዜሮ ሆኖ ከላይ ይሰበሰባል። ቁጥሩ ባዶ የሆነ አባል ካለ «ቫል» ስህተት ስለሚያወጣ ባዶዎቹን አስቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል።

ቀንና የእኛ አቆጣጠር

የአክሰስ የቀን ፊልድ የእኛን አቆጣጠር አያውቅም፤ የገባለትን የሚያነበው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ቀኑ በሚቀድምበት ቅንብር ጥቅምት 30 ቀን 2015 ዓ.ም. 30/2/2015 ተብሎ ቢገባ የሌለ ቀን፣ ማለትም ፌብሩዋሪ 30 ሆኖ ስለሚታየው አይቀበለውም። እምቢ ማለቱስ ደግ ነው። ጳጉሜ 5፣ 5/13/2015 ተብሎ ሲጻፍ ግን አሥራ ሦስተኛ ወር እንደሌለ አይቶ ቦታ ያቀያይርና ሜይ 13 አድርጎ ዝም ይላል። ቀኑን በጽሑፍ ፊልድ ማስቀመጥም አያዋጣም፤ ሲደረደር ከቀኑ ስለሚጀምር የየወሩ 1ኛ ቀን ሁሉ አንድ ላይ ይመጣል። የሚሠራው ዓመት፣ ወርና ቀን በሦስት የቁጥር ፊልድ ተከፍለው በዚህ ቅደም ተከተል ከግራ ወደ ቀኝ ሲደረደሩ ነው። አንድ ፊልድ የሚመርጥ ዓመቱን በ10,000፣ ወሩን በ100 አባዝቶ ቀኑን ይደምርበት፤ ጳጉሜ 5 ቀን 2015 እንግዲህ 20151305 ይሆናል፣ ከነሐሴ በኋላና ከመስከረም በፊትም በቦታው ይቀመጣል።

ድምርና ወረቀት

የ∑ ምልክት ሲጫን «ቶታል» የሚል ረድፍ በግሪዱ ላይ ይጨመራል። በአባል ቁጥር «ግሩፕ ባይ»፣ በብር «ሰም» ተብሎ ብሩ ዲሴንዲንግ ቢደረደር ብዙ የከፈለው ከላይ ይወጣል። እንዲህ ባለ ኩዌሪ ላይ ግን ምንም ማረም አይቻልም፤ አንዱ ረድፍ የብዙ ክፍያ ድምር ነውና።

በ«ኤስኪውኤል ቪው» ሲታይ ይህ ሁሉ ጥቂት መስመር ነው። «ሰሌክት» ዓምዶቹን፣ «ፍሮም» ቴብሎቹን፣ «ዌር» መስፈርቱን፣ «ኦርደር ባይ» አደራደሩን ይይዛል። በነፃ የሚገኘው የሊብሬኦፊስ ቤዝም ተመሳሳይ ግሪድ አለው፤ አክሰስ የሚሠራው በዊንዶውስ ላይ ብቻ ስለሆነ ማክና ሊኑክስ የያዘ ሰው የሚሄደው ወደዚያ ነው።

ዝርዝሩ ወደ ወረቀት የሚወጣው በ«ሪፖርት» ከሆነ አደራደሩ እንደገና መነገር አለበት። ሪፖርት የኩዌሪውን «ሶርት» እንዲጠብቅ አይታመንም፤ በራሱ «ግሩፕ ኤንድ ሶርት» መስኮት ቀበሌ፣ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ተብሎ በተራ ይሞላል።