የጭስ መቆጣጠሪያ ዋስትናና የመኪና ባለቤት የጥገና ምርጫ በአሜሪካ

በአሜሪካ የሚሸጥ አዲስ የቤት መኪና፣ አምራቹ በፈቃዱ ከሚሰጠው የፋብሪካ ዋስትና ሌላ፣ በሕግ የተጣለበት የጭስ መቆጣጠሪያ ዋስትና አለው። መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው የንጹሕ አየር ሕግ ሲሆን፣ አሁን የሚሠራበት የጊዜና የማይል ገደብ የመጣው በ1990 ከተደረገው ማሻሻያ ነው። አፈጻጸሙን የሚከታተለውም የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ነው።

ዋስትናው ሁለት ፈርጅ አለው። አንደኛው በአሠራር ጉድለት የተበላሸን የጭስ መቆጣጠሪያ ክፍል የሚመለከት ነው። ሁለተኛው ደግሞ መኪናው በመንግሥት የጭስ ምርመራ ወድቆ ባለቤቱን ቅጣት ወይም የፈቃድ እድሳት ክልከላ ሲያሰጋው የሚሠራ ነው። ሁለቱም የሚጸኑት ለ2 ዓመት ወይም ለ24,000 ማይል፣ ማለትም ከሁለቱ አንዱ ቀድሞ እስኪሞላ ድረስ ነው። ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ (የሞተሩን ጭስ የሚያጣራው ክፍል)፣ የጭስ መቆጣጠሪያው ኮምፒውተርና ብልሽት መዝጋቢው መሣሪያ ግን እስከ 8 ዓመት ወይም 80,000 ማይል (ወደ 129,000 ኪሎ ሜትር) ይሸፈናሉ። ከሦስቱ ኪስ የሚጎዳው ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም የተባሉ ውድ ማዕድናት የሚገቡበት ኮንቨርተር ነው። ከአጠገቡ የሚታሰረው ኦክስጅን ሴንሰር (በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካው መሣሪያ) በፌዴራሉ ሕግ ከሦስቱ ስለማይቆጠር፣ ሁለት ዓመት ወይም 24,000 ማይል ካለፈ በዚህ ዋስትና አይሸፈንም።

ጊዜው የሚቆጠረው መኪናው ለመጀመሪያው ገዢ ከተላለፈበት ቀን ሲሆን፣ ዋስትናው ከመኪናው ጋር ለቀጣዩ ባለቤት ያልፋል። ስለዚህ 5 ዓመት የሠራና 60,000 ማይል የተነዳ ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው ኮንቨርተሩ ገና ዋስትና አለው፤ ሻጮች ይህን ሲያነሱ መስማት ግን ብዙም የተለመደ አይደለም። በአንጻሩ በዋሽንግተን አካባቢ በታክሲና በኡበር ሥራ የተሠማሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን 80,000 ማይሉን በሁለትና በሦስት ዓመት ሊጨርሱት ይችላሉ። በሰሜን ቨርጂኒያና በአብዛኛው ሜሪላንድ የጭስ ምርመራው በየሁለት ዓመቱ ስለሆነና በክሩስኮቱ ላይ የቼክ ኢንጂን መብራት የበራበት መኪና ስለሚወድቅ፣ በመኪናው ለሚተዳደር ሰው ነገሩ ቀላል አይደለም። ሕጉ በዓመት ጥቂት ለሚነዳ ሰው የተመቸ ይመስላል።

የምርጫው ጉዳይ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። አምራቹ ዕቃውን ወይም አገልግሎቱን በነጻ እስካልሰጠ ድረስ፣ ዋስትናውን በራሱ ምልክት ዕቃ ወይም በራሱ ዲለር (ወኪል ሻጭ) አገልግሎት ላይ ሊያስር አይችልም። ዘይት መቀየር፣ ካንዴላና ፊልትሮ መለወጥ በሰፈር ጋራዥ ወይም በባለቤቱ እጅ ቢሠራ ዋስትናው አይፈርስም፤ ብልሽቱ ከጥገና ጉድለት መጣ ከተባለ ግን ደረሰኝና የማይል መዝገብ ያስፈልጋል። በ1975 የወጣው የማግኑሰን–ሞስ የዋስትና ሕግም ይህንኑ ለሌሎች ሸቀጦች ጭምር ይደነግጋል። የፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽን በ2018 ለ6 ኩባንያዎች ማስጠንቀቂያ የላከው፣ በ2022 ደግሞ በሞተር ብስክሌት አምራቹ ሃርሊ ዴቪድሰን ላይ እርምጃ የወሰደው በዚሁ ሕግ መሠረት ነው።

ሰው በብዛት የሚሳሳተው ግን ነጻ ጥገናው የት እንደሚገኝ ነው። በክፍያ የሚሠራውን ሥራ የትም ማሠራት ይቻላል፤ በዋስትናው በነጻ የሚሠራው ግን የሚሠራው በአምራቹ ዲለር ነው። ቸኩሎ በሰፈር ጋራዥ ኮንቨርተር ያስገጠመ ሰው ገንዘቡን ማስመለስ ይቸግረዋል። እንዲያውም በኤጀንሲው መመሪያ መሠረት፣ የመጀመሪያው ኮንቨርተር ገና በዋስትና ላይ እያለ ጋራዡ በሌላ አምራች ዕቃ ሊለውጠው አይገባም። ምርመራ ወድቆ የቀረበ ጥያቄ ቢበዛ በ30 ቀን ውስጥ መልስ ማግኘት አለበት፤ አምራቹ በጊዜው ካልመለሰ በነጻ የመጠገን ግዴታ ይወድቅበታል።

ካሊፎርኒያ የራሷን ጠበቅ ያለ ደንብ ታወጣለች፦ በአጠቃላይ 3 ዓመት ወይም 50,000 ማይል፣ ለውድ ክፍሎች 7 ዓመት ወይም 70,000 ማይል፣ ጭሳቸው እጅግ ዝቅተኛ ለሆኑ አንዳንድ መኪኖች ደግሞ 15 ዓመት ወይም 150,000 ማይል።

የሰፈር መካኒክ የብልሽት ኮድ ማንበብ የቻለው ከ1996 ሞዴል ጀምሮ አንድ ዓይነት የመመርመሪያ ሶኬት ግዴታ በመሆኑ ነው። አሁን ግን መኪኖች መረጃቸውን በገመድ አልባ ወደ አምራቹ ስለሚልኩ፣ የማሳቹሴትስ መራጮች በ2012 ያጸደቁትን፣ ባለቤቶችና ጋራዦች የመመርመሪያ መረጃ እንዲያገኙ የሚያስችለውን የመጠገን መብት በ2020 ወደዚህ መረጃ አሰፉት፤ አምራቾችም ጉዳዩን ወዲያው ፍርድ ቤት ወሰዱት።