«በውሃው ዓሣ አለ፣ በማሳው ሩዝ አለ»፦ አንድ የታይላንድ አባባልና የገጠሩ ኑሮ

«ናይ ናም ሚ ፕላ፣ ናይ ና ሚ ካው።» በአማርኛ «በውሃው ዓሣ አለ፣ በማሳው ሩዝ አለ» ማለት ነው። ታይላንድ ውስጥ ይህን አባባል የማያውቅ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ልጆች በትምህርት ቤት ይማሩታል። ሽማግሌዎች የድሮውን ዘመን ሲያነሱ ይጠሩታል። ስለ አገር ሀብት ሲወራ ደግሞ መጀመሪያ አፍ ላይ የሚመጣው እሱ ነው። በታይኛ «ፕላ» እና «ና» ቤት ይመታሉ፤ አንዴ የሰማው ሰው ቶሎ የማይረሳው ለዚህም ይመስለኛል።

ትርጉሙ አገር ጥጋብ ነው፣ ማንም አይራብም ነው። እኛ «ማርና ወተት የምታፈስ ምድር» የምንለውን ይመስላል። ማርና ወተቱ ግን የተስፋ ምድር ነው። ዓሣና ሩዙ ከቤት ጓሮ ያለ ነገር ነው። አባባሉ ሩቅ አያሳይም፤ «እዚሁ ደጅህ ላይ አለልህ» ይላል። የታይላንድን ገጠር ማየት የሚፈልግ መንገደኛ ከዚህ አባባል ቢነሳ መልካም ነው እላለሁ። መንደሩ፣ ማዕዱ፣ በዓሉ፣ ሰላምታው ሁሉ እዚህ ውስጥ አለ።

ምንጩ የታወቀ ነው። ከባንኮክ በስተሰሜን 430 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ ሱኮታይ የምትባል ጥንታዊ ከተማ አለች። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ራምካምሄንግ የሚባል ንጉሥ ነግሦባት ነበር። በእሱ ስም የሚታወቅ አራት ማዕዘን የድንጋይ ዓምድ አለ፤ ቁመቱ ከአንድ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። በአራቱም ገጽ ተጽፎበታል። ጽሑፉ የ1292 ነው ተብሎ ይታወቃል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ታይላንዶችም እንደኛው የራሳቸው የዘመን ቁጥር አላቸው። የእነሱ ግን ከፈረንጆቹ 543 ዓመት ይቀድማል፤ የፈረንጆቹ 2025 ለእነሱ 2568 ነው።)

ድንጋዩን በ1833 ያገኘው ሞንግኩት የሚባል ልዑል ነው። ያኔ መነኩሴ ነበር፤ ሱኮታይ የሄደውም ለመንፈሳዊ ጉዞ ነው። በ1851 ነገሠ። ድንጋዩ ዛሬ ባንኮክ በሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም ይታያል።

ጽሑፉ ላይ አባባሉ ብቻውን አይደለም። መጀመሪያ «በራምካምሄንግ ዘመን ይህች የሱኮታይ ከተማ መልካም ናት» ይላል። ከዚያ «በውሃው ዓሣ አለ፣ በማሳው ሩዝ አለ» ይመጣል። ወዲያው ተከትሎ የከተማዋ ጌታ ከሕዝቡ የኬላ ቀረጥ እንደማይወስድ ይናገራል። ሰው በሬውን እየነዳ ለንግድ ይሄዳል፣ ፈረሱን ተቀምጦ ሊሸጥ ይወጣል። ዝሆን መነገድ የፈለገ ይነግዳል። ፈረስ የፈለገ ይነግዳል። ብርና ወርቅ የፈለገም ይነግዳል። ዝቅ ብሎ ደግሞ በከተማዋ በር ላይ ስለተሰቀለ ደወል ይናገራል። የተበደለ ሰው ደወሉን ይመታል። ንጉሡ ይሰማና ራሱ ጠርቶ፣ ጠይቆ፣ በቅን ይፈርዳል።

እኔን የሚያሳዝነኝ ሰዎች ከዚህ ሁሉ መካከል ዓሣውንና ሩዙን ብቻ ቆርጠው መውሰዳቸው ነው። ጽሑፉ ጥጋብን ያለ ምክንያት አላስቀመጠውም። አገር መልካም የምትሆነው ዝናብ ስለዘነበ ብቻ አይደለም። ኬላው ሲቀር፣ አቤት ባይ ሰሚ ሲያገኝም ነው። ገበሬ ያመረተውን ይዞ መንገድ ሲወጣ በየኬላው የሚያራቁተው ካለ፣ ማሳው ሩዝ ቢሞላ ምን ይጠቅመዋል? ከሰባት መቶ ዓመት በፊት ተጻፈ የሚባል ነገር ይህን ማሰቡ ይደንቀኛል።

ድንጋዩ ላይ ክርክር እንዳለም መታወቅ አለበት። በ1980ዎቹ መጨረሻ ማይክል ቪከሪ የተባለው የታሪክ ተመራማሪና ፒሪያ ክራይሪክሽ የተባለው ታይላንዳዊ የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁር የድንጋዩን እድሜ ተጠራጠሩ። «ጽሑፉ የ13ኛው ክፍለ ዘመን አይደለም፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ነው» የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ብዙ ሌሎች ምሁራን አልተቀበሏቸውም። ዩኔስኮ ድንጋዩን በ2003 በዓለም ትውስታ መዝገብ ውስጥ አስፍሮታል። አባባሉ ግን ክርክሩ እስኪያልቅ አልጠበቀም፤ የሕዝብ ሆኗል።

አሁን ወደ ማሳው እንውረድ። ብዙ ሰው አባባሉን ሲሰማ ዓሣው በወንዝ፣ ሩዙ በእርሻ፣ ሁለቱ ለየብቻ ይመስሉታል። ገጠሩን ያየ ሰው ግን ውሃው አንድ መሆኑን ይረዳል።

የታይላንድ ክረምት በአብዛኛው አገር ከግንቦት እስከ ጥቅምት ነው። ዝናቡ ሲገባ ወንዞች ይሞላሉ። ውሃው በቦዩ አድርጎ በአፈር ክትር ወደተከበቡት የሩዝ ማሳዎች ይገባል። ዓሣውም አብሮ ይገባል። እዚያ ይራባል፣ ነፍሳት እየበላ ያድጋል። ገበሬው ችግኝ ሲተክል ዓሣው በእግሮቹ መካከል ይዋኛል። ዝናቡ አልፎ ውሃው ሲጎድል ሩዙ ይበስላል፤ ዓሣውም ሰብቶ ወደ ጥልቁ ውሃ ሊመለስ ይነሳል። ገበሬው የሚጠብቀው ያኔ ነው። ፎገራ ላይ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም። ርብና ጉማራ ሜዳውን ሲያጥለቀልቁ፣ ሩዙ ውሃ ውስጥ ሲቆም፣ ጣናም እዚያው አጠገብ ሲሆን አይቷል።

እነዚህ የማሳ ዓሦች ተራ ዓሦች አይደሉም። እኛ አምባዛ የምንለው ዘመድ አላቸው፤ ስሙ «ፕላ ዱክ» ነው። «ፕላ ቾን» የሚባለው ራሱ የእባብ ራስ ይመስላል። «ፕላ ሞ» የሚባለው ትንሽ ዓሣ ደግሞ ከውሃ ወጥቶ በእርጥብ መሬት ላይ እየተፍጨረጨረ ወደ ሌላ ኩሬ መሻገር ይችላል። ሦስቱም ከአየር መተንፈስ ስለሚችሉ ውሃው ቢጎድልና ቢደፈርስ ቶሎ አይሞቱም። ጭቃ ውስጥ ተቀብረው የሚቆዩም አሉ። ማሳ ውስጥ ዓሣ ሊኖር የቻለው በዚህ ነው።

መያዣውም የቀርከሃ ሥራ ነው። «ሱም» ከላይም ከታችም ክፍት የሆነ፣ ከታች የሰፋ ቅርጫት ነው። ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ እየሄዱ ጭቃው ላይ ይደፉታል፤ ዓሣ ከገባ በላይኛው ቀዳዳ እጅ ሰዶ ማውጣት ነው። «ሳይ» ደግሞ አፉ ወደ ውስጥ የጠበበ ወጥመድ ነው። በክትሩ መፍሰሻ ላይ ያስቀምጡታል። ዓሣው ይገባል፣ መውጫ ያጣል። ባንኮክ ውስጥ በአንዳንድ ሱቅ በር ላይ ትንሽ የቀርከሃ ወጥመድ ተንጠልጥላ ብታዩ ይቺው «ሳይ» ናት። ዓሣ እንደምትይዝ ሁሉ ገንዘብም ትይዛለች ብለው ይሰቅሏታል። ገበሬው ከተማ ቢገባም ማሳው አልተወውም።

ለሩዝ ያላቸው ክብር ልብ ይነካል። ሩዝ እናት አላት፤ ስሟ ሜ ፖሶፕ ነው። ሩዙ ሊያዘረዝር ሲል «አረገዘ» ይላሉ። ከዚያ ማሳው ድረስ ሄደው ስጦታ ያቀርቡላታል። እርጉዝ ሴት ጎምዛዛ ያምራታል ብለው ጎምዛዛ ፍራፍሬ ይወስዱላታል። ማበጠሪያ፣ መስተዋትና የፊት ዱቄትም ይጨምሩላታል። ልጆች ሩዝ እንዳይደፉ ይመከራሉ፤ በልተው ሲጨርሱም እጃቸውን አጋጥመው እንዲያመሰግኑ ይማራሉ። እህል እንዳይረገጥ እየተቆጡ ባሳደጉን ቤቶች ውስጥ ያደግን ሰዎች ይህ እንግዳ አይሆንብንም። ሃይማኖቱም ለማሳው ቦታ አለው። የቡድሃ መነኮሳት በክረምቱ ሦስት ወር ከገዳማቸው ርቀው አያድሩም። ልማዱ የመጣው በዚያ ወቅት ሲዘዋወሩ የበቀለውን ቡቃያ እንዳይረግጡ ነው ይባላል።

ዓሣና ሩዝ በንግግራቸው ውስጥ ሁሉ አሉ። ሰላምታቸው «ኪን ካው ሩ ያንግ?» ነው፤ «ሩዝ በላህ ወይ?» እንደ ማለት። አንዳንዴ ዓሣውንም ይጨምሩበታል። አዲስ ተጋቢዎችን «አዲስ ሩዝ፣ የሰባ ዓሣ» ይሏቸዋል፤ ሁለቱም የሚጣፍጡበት ወቅት ስላላቸው። የችጋር ዘመን ሲመጣ ደግሞ «ካው ያክ፣ ማክ ፔንግ» ይላሉ። «ሩዝ የጠፋበት፣ የሚታኘከው የማክ ፍሬ የተወደደበት» ማለት ነው። የዓሣና ሩዙ አባባል ተቃራኒ ይኸው ነው።

ተቃራኒው ደግሞ በወሬ ብቻ አልቀረም። ኢሳን የሚባለው ሰሜን ምሥራቁ ከአገሪቱ ሕዝብ ሲሶ ያህሉ የሚኖርበት ነው። አፈሩ አሸዋማ፣ ዝናቡም የማይታመን ነው። እዚያ «ቱንግ ኩላ ሮንግሃይ» የሚባል ሰፊ ሜዳ አለ፤ «ኩላዎች ያለቀሱበት ሜዳ» ማለት ነው። ኩላ የተባሉ ነጋዴዎች ሲያቋርጡት ውሃና ጥላ አጥተው አለቀሱ ይባላል። ዛሬ በዚያው ሜዳ የሚበቅለው ሆም ማሊ፣ ሽታው የሚያውደው ሩዝ፣ በዓለም የታወቀ ነው። የኢሳን ሰው ዝናብ ሲዘገይ ዝም አይልም። በግንቦት ያሶቶን ከተማ ላይ ከቀርከሃና ከባሩድ የተሠሩ ሮኬቶችን ወደ ሰማይ ይተኩሳሉ፤ የሰማዩ ጌታ ፓያ ቴን ዝናቡን እንዲለቅ ማስታወሻ ነው። ዓሣውም በጊዜው ካልተቀመጠ አይገኝም። በጨውና በተቆላ ሩዝ ወይም በሩዝ ገለባ ዱቄት እንስራ ውስጥ አፍነው ለወራት ያቆዩታል። ስሙ «ፕላ ራ» ነው። ሽታው ከባድ ነው፤ የኢሳን ምግብ ግን ያለሱ ምግብ አይደለም። ሩዛቸው ተጣባቂ ነው፤ በእጅ ድብልብል አድርገው እያጠቀሱ ይበሉታል። እንጀራ በልቶ ላደገ ሰው ይህ ማዕድ ቶሎ ይለመዳል።

ሰው ያመጣው ችግርም አለ። የሙን ወንዝ ከሜኮንግ ጋር በሚገናኝበት አካባቢ ፓክ ሙን የሚባል ግድብ በ1994 ተጠናቀቀ። ከሜኮንግ ወደ ላይ የሚወጡት ዓሦች መንገዳቸው ተዘጋ። ዓሣ አጥማጆቹ ለዓመታት ተቃወሙ፤ በ2001 የግድቡ በሮች ለአንድ ዓመት ያህል ተከፍተው እስከመጠናት ደረሰ። በየማሳው የሚረጨው የተባይና የአረም መድኃኒትም ዓሣውንና እንቁራሪቱን ጎድቷል። ማሳውን ያርስ የነበረው ጎሽም ቀርቷል፤ አሁን የሚያርሰው «የብረት ጎሽ» የሚሉት በእጅ የሚገፋ ትራክተር ነው። ወጣቱ ባንኮክ ገብቷል። ብዙ መንደር ውስጥ የምታገኙት አያቶችንና ልጆችን ነው። አንድ ሽማግሌ «በውሃው ዓሣ አለ» ሲሉ አንዳንዴ «ነበረ» ማለታቸው ነው።

መልሰው ለማምጣት የሚጥሩም አሉ። ንጉሥ ቡሚቦል በ1990ዎቹ ለአነስተኛ ገበሬ አንድ ዘዴ አቀረበ። መሬትህን ከፋፍል ይላል፤ 30 በመቶው ኩሬ፣ 30 በመቶው ሩዝ፣ 30 በመቶው ፍራፍሬና ሌላ አትክልት፣ 10 በመቶው ቤትና ከብት። ኩሬው በበጋ ያጠጣል፣ ዓሣም ይረባበታል። ከ1997ቱ የኢኮኖሚ ቀውስ በኋላ ከከተማ ሥራ አጥተው ወደ መንደር የተመለሱ ሰዎች ብዙ ስለነበሩ ሐሳቡ ሰሚ አገኘ። ሁሉም ቦታ ሠርቷል አልልም። መሬቱ በጣም ለጠበበበት ገበሬ ኩሬ መቆፈር ራሱ ከባድ ነው። ግን የድንጋዩን ቃል መሬት ላይ ለመጻፍ የተደረገ ሙከራ ስለሆነ እወደዋለሁ።

ለመሄድ ያሰባችሁ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ባንኮክ ይበራል። ከዚያ ሱኮታይ በአውቶቡስ መድረስ ይቻላል። ፍርስራሾቹ ከ1991 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡ ናቸው፤ ብስክሌት ተከራይቶ መዞር ይሻላል። ውሃና ዓሣ በማሳ ላይ ማየት የሚፈልግ በክረምቱ ይሂድ፣ ጭቃውን ሳይፈራ። አጨዳው በኅዳርና በታኅሣሥ አካባቢ ነው። መንደር ውስጥ ስታድሩ ጫማችሁን ደጅ አውልቁ። እግራችሁን ወደ ሰው ወይም ወደ ቡድሃ ምስል አትዘርጉ። የሰው ራስ አትንኩ፣ የሕፃንም ቢሆን። ሴቶች መነኩሴ አይንኩ። ታላላቆችን በስማቸው ብቻ አትጥሩ፤ ሸምገል ያሉትን ወንድ «ሉንግ»፣ ሴቷን «ፓ»፣ በትንሹ የሚበልጣችሁን «ፒ» በሉ። የኛ ጋሼና እትዬ እዚያም አሉ ማለት ነው። «ሩዝ በላህ?» ብለው ከጠየቋችሁ ደግሞ ሰላምታ መሆኑን አትርሱ፤ ብዙ ጊዜ ግን ሳህኑም ይከተላል።