ከጉድጓዱ እስከ ምድጃው፦ የጋዝ የመሃል ሥራ ከአዳማ ሲታይ

አዳማ ለሚኖር ሰው ቦቴ ብርቅ አይደለም። ከጅቡቲ የሚመጣው ነዳጅ አዋሽንና መተሐራን አልፎ በደጃችን ነው የሚያልፈው። ቤንዚኑም ናፍጣውም፣ ሆቴሎቻችን የሚያበስሉበት ቡታ ጋዝም። ሁላችንም የምናወራው ማደያው ላይ ስላለው ሰልፍና ዋጋ ነው። በመሃል ያለው ሥራ ግን ብዙም አይወራም።

የጋዝ ሥራ ሦስት ክፍል አለው። አንዱ ቆፍሮ ማውጣት ነው። ሌላኛው ለቤትና ለፋብሪካ ማከፋፈል ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን፣ ማለትም ማጣራቱን፣ ማጓጓዙን፣ ማከማቸቱንና በጅምላ መሸጡን የሙያው ሰዎች ሚድስትሪም ይሉታል። እኔ የመሃል ሥራ እለዋለሁ። በእኔ እምነት የኦጋዴን ጋዝ ግማሽ ምዕተ ዓመት መሬት ውስጥ የቆየው ጋዙ ስላነሰ አይደለም፤ ይሄ መሃል ስላልነበረ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። «ጋዝ» ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ሲሊንደሩን ነው፤ ወላጆቻችን ደግሞ ላምባውን ነበር ጋዝ የሚሉት። ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ፕሮፔንና ቡቴን ነው። ትንሽ ሲጨመቅ ፈሳሽ ስለሚሆን በባጃጅ ተጭኖ ቤት ይደርሳል። የተፈጥሮ ጋዝ ግን በአብዛኛው ሚቴን ነው። ሚቴን በተራ ሙቀት የፈለገውን ያህል ቢጨመቅ ፈሳሽ አይሆንም፤ ከዜሮ በታች ወደ 162 ዲግሪ መቀዝቀዝ አለበት። የመሃል ሥራው ውድ የሆነው በዚህች ጠባዩ ነው። (ሌላም ልዩነት አለ፣ ለደኅንነት ስለሚጠቅም ልናገረው። ሚቴን ከአየር ስለሚቀል ወደ ላይ ይሄዳል። ቡታ ጋዝ ግን ይከብዳልና ሲያፈስ ወለሉ ላይ ይተኛል። ከሸተታችሁ መብራት አታብሩም አታጥፉም፤ በርና መስኮት ከፍታችሁ ውጡ።)

ከጉድጓድ የሚወጣው ጋዝ እንዳለ ቧንቧ ውስጥ አይገባም። ውሃ አለበት፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አለበት፣ አንዳንዴም እንደተበላሸ እንቁላል የሚሸት መርዛማ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ። ውሃው ቀላል ይመስላል ግን ክፉ ነው፤ ግፊት ሲበዛ ከጋዙ ጋር ተጣብቆ በረዶ የሚመስል ጠጣር ይሠራል፣ ያውም ሙቀቱ ከዜሮ በላይ እያለ፣ ቧንቧውንም ይደፍነዋል። ስለዚህ ማጣሪያው ግላይኮል በሚባል ፈሳሽ ጋዙን ያደርቀዋል፣ አሲዳማዎቹን ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ደግሞ አሚን በሚባል ኬሚካል ያጥባቸዋል። ከዚያ ፕሮፔኑንና ቡቴኑን ለይቶ ለብቻ ይሸጣል። የሚቀረው ሚቴን ሽታ የለውም፤ ሲያፈስ እንዲታወቅ የሚሸት ቅመም የሚጨመርበት ኋላ ነው።

ቧንቧው ራሱ ብረት ነው፣ ትልቁ ከአንድ ሜትር በላይ ስፋት አለው፣ መሬት ውስጥ ይቀበራል። ጋዙ እየሄደ ግፊቱ ስለሚወርድ በየመቶ ኪሎ ሜትሩ ግድም መጭመቂያ ጣቢያ ያስፈልገዋል። ብዙዎቹ ጣቢያዎች የሚሠሩት ከዚያው ቧንቧ ጥቂት ጋዝ እየወሰዱ ነው።

ቧንቧ ከሌለ ደግሞ ማቀዝቀዝ ነው። ፈሳሽ ሲሆን መጠኑ ወደ 600 እጥፍ ይቀንሳል፤ እንደ ትልቅ ቴርሞስ ባለ ሁለት ግድግዳ ቦቴ ወይም መርከብ ላይ ይጫናል።

ሽያጩ ላይ ስንመጣ ጋዝ የሚሸጠው ሲቃጠል በሚሰጠው ሙቀት ልክ ነው፣ መለኪያውም ሚሊዮን ቢቲዩ ይባላል። አሜሪካ ውስጥ ሉዊዚያና ያለው ሄንሪ ሃብ የሚባል የቧንቧዎች መገናኛ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1990 ጀምሮ የገበያው ዋጋ የሚጠራበት ቦታ ሆኗል። አዲስ መስመር ሲዘረጋ ግን የዕለት ዋጋ ብቻውን አያዋጣም። ባንክ ብድር የሚሰጠው ገዢው ለ15 ወይም ለ20 ዓመት ሲፈርም ነው፣ ብዙ ጊዜም ጋዙን ወሰደም አልወሰደም ሊከፍል ተስማምቶ። ገዢ ሳይፈርም ቧንቧ አይቀበርም፣ ቧንቧ ሳይኖር ደግሞ ገዢ አይመጣም። ኦጋዴን የተያዘው እዚህ ጋ ነው።

ካሉብና ሂላላ የሚባሉት የኦጋዴን የጋዝ ቦታዎች የተገኙት በእኛ አቆጣጠር በ1960ዎቹ አጋማሽ ነው። ከዚያ በኋላ ኩባንያ መጣ፣ ኩባንያ ሄደ። በ2011 ከጅቡቲ ጋር 767 ኪሎ ሜትር ለሚሆን የጋዝ ቧንቧ ስምምነት ተፈረመ፤ ቧንቧው ግን አልተዘረጋም። በመስከረም 2018 ካሉብ ላይ የተመረቀው የጋዝ ፕሮጀክቱ የመጀመሪያ ምዕራፍ ሌላ መንገድ ያዘ፦ ጋዙን እዚያው አቀዝቅዞ በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር ፈሳሽ ማምረት። አንድ ቦቴ 45 ሺህ ሊትር ይጭናል ብንል በቀን 7 ቦቴ ገደማ ነው፣ መንገዱ ይችለዋል። ሁለተኛው ምዕራፍ የታሰበለት ግን 1.33 ቢሊዮን ሊትር ነው፤ በዚያው ሂሳብ በቀን ከ80 ቦቴ በላይ። የአዋሽን መስመር በከባድ መኪና ተጨናንቆ ያየ የአዳማ ሰው ይሄ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል፣ ቧንቧ ለምን እንደሚያስፈልግም እንደዚሁ።

ጎዴ ላይ ከናይጄሪያው ኩባንያ ከዳንጎቴ ጋር የታቀደው በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት የማዳበሪያ ፋብሪካም ትልቅ ነገር የሚሆነው ለዚህ ነው። ዩሪያ ከሚቴን ነው የሚሠራው። ፋብሪካው ለጋዙ ቋሚ ገዢ ነው፣ የሚያስፈልገው ቧንቧም እዚያው ክልል ውስጥ የሚያልቅ አጭር መስመር ነው። ከዚያ በኋላ የሚጫነው በተራ ከባድ መኪና የሚሄድ የማዳበሪያ ከረጢት ይሆናል።